አንቴናው ወዴት ይዙር?

እኛ አገር ትምህርት ቤት ሳይገባ የሚለመድ አንድ ሙያ ነበር፤ አንቴና ማዞር። አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ደጃፍ ቆሞ ያስተላልፋል፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ይፈርዳል። «አሁንስ?» «ባሰበት!» «አሁንስ?» «ትንሽ መልሰው... እዛው! እዛው ጋ! እንዳትነካው!» ጣሪያ ላይ ያለው ሰውዬ ደስ ብሎት እጁን ሲያነሳ ምስሉ ድራሹ ይጠፋል። ሰውነታችን ራሱ ሞገድ እንደሚቀበልና እንደሚመልስ፣ ሰውዬው ብረቱን እንደያዘ የአንቴናው አንድ ክፍል ሆኖ እንደነበር ማን ይንገረው?

ነገሩ ተአምር አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ሲጓዝ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው፤ ወይ ሽቅብ ቁልቁል፣ ወይ ግራ ቀኝ። ባለሙያዎቹ ፖላራይዜሽን ይሉታል። ማሰራጫው ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ሞገዱም ሽቅብ ቁልቁል ይወዛወዛል፤ የሚቀበለው አንቴናም አብሮት መቆም ይኖርበታል። 45 ዲግሪ ብታዘነብሉት ከሚገባው ኃይል ግማሹ፣ 60 ዲግሪ ብታዘነብሉት ሩቡ ብቻ ይቀራል። ጨርሶ ብታጋድሙት በሒሳቡ ምንም አይገባም፤ በተግባር ግን ከግድግዳና ከቆርቆሮ እየነጠረ የሚመጣ ጥቂት ነገር ይተርፋል። ጀርመናዊው ሄንሪክ ሄርትዝ እ.ኤ.አ. በ1888 ይህንኑ አሳይቷል። ሽቦዎች ጎን ለጎን የተወጠሩበት ክፈፍ በማስተላለፊያውና በመቀበያው መሐል አቆመ። ሽቦዎቹ ሞገዱ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ሲሆኑ ሞገዱ ታገደ፤ ክፈፉን ሩብ ዙር ሲያዞረው አለፈ።

በስልኩ ኤፍኤም የሚያዳምጥ ሰው ጆሮው ላይ የሰካው ገመድ አንቴናው መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ገመዱን ኪሱ ውስጥ ጠቅልሎ ጣቢያውን ይረግማል። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍል ውስጥ አንድ እርምጃ መራመድ ብቻ ድምፁን ሊያጠፋው ወይም ሊያመጣው ይችላል።

አባታችን ግን ከዚህ የተለየ ጥበብ ነበራቸው። በ1991 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነበር። ደብዳቤው ሁለት ሦስት ወር ይዘገያል። ቤታችን ወሬ የሚገባው በሬዲዮ ነው፤ ማታ ዜና ሊጀምር ሲል ደግሞ ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ሥራውን ያጧጡፈዋል። ሬዲዮው ይንጫጫል። እኛ ልጆቹ እንደ ደንባችን ድምፁን እንጨምራለን። ዜና አንባቢውም ብየዳውም እኩል ይጮኻሉ። እናታችን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው የቦታ ስም ብቻ ይጠብቃሉ። አባታችን ድምፁን ቀነስ ያደርጉና ሬዲዮውን ራሱን፣ ሣጥኑን በሙሉ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያሉ ያዞሩታል።

«ዜናውን አትፈልገው፤ እሱ የትም አይሄድም። መጀመሪያ ጩኸቱ የሚሞትበትን ፈልግ» ይሉኝ ነበር።

የሆነ ቦታ ላይ ጩኸቱ ድንገት ይሰምጣል። ዜና አንባቢው ብቻውን ይቀራል። እናታችንም ይተነፍሳሉ። (የወንድሜን በሕይወት መኖር ያወቅነው ግን ከሬዲዮ አልነበረም፤ አንድ ቀን ማለዳ በሩን ራሱ አንኳኳ።)

ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው ተመዝዞ የሚወጣው አንቴና ሳይሆን ሣጥኑ ውስጥ የተጋደመ፣ መዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ ነው። ዘንጉ ጎኑን የሰጠውን ጣቢያ ጥሩ አድርጎ ይሰማል፤ ጫፉን ለቀሰረበት አቅጣጫ ግን ደንቆሮ ነው። ልብ በሉ፤ የሚሰማበት አቅጣጫ ሰፊ ነው፤ ኃይሉ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ ጆሮ እምብዛም አይለየውም። የማይሰማበት አቅጣጫ ግን ጠባብ ነው፤ ጥቂት ዲግሪ ካለፈ ያመልጣል። ስለዚህ ዘንጉን ለጣቢያው ማስተካከል ብዙ አያተርፍም፤ ጫፉን ጩኸቱ ላይ ማነጣጠር ግን ያተርፋል። ጩኸቱና ዜናው በአንድ መስመር ከመጡ ዘዴው አይሠራም። አባታችን ያኔ ሬዲዮውን ታቅፈው ጓዳ ይገቡ ነበር።

አጭር ሞገድ ላይ ነገሩ ይለያል። ከባሕር ማዶ የተነሣው ሞገድ አዮኖስፌር ከሚባለው የሰማይ ንብርብር፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ ነጥሮ ነው የሚደርሰን። በመንገዱ ላይ የምድር መግነጢስ ያጣምመዋል፤ ቆሞ የተነሣው ተጋድሞ፣ ተጋድሞ የተነሣው ቆሞ፣ እየተለዋወጠም ይመጣል። ድምፁ ሄድ መለስ የሚለው በከፊል ለዚህ ነው። እናም አንቴናው ቆመ ተጋደመ ለሩቁ ጣቢያ ብዙ ለውጥ የለውም፤ ለቅርቡ ጩኸት ግን አለው። የሰፈር ጩኸት መሬት ለመሬት ሲጓዝ የተጋደመውን ክፍሉን መሬት ይበላዋል፤ የሚተርፈው የቆመው ነው። የልብስ ማስጫ የመሰለ ሽቦ ከቤት አርቀው፣ አጋድመው የሚወጥሩት የድሮ አድማጮች ሳያውቁት አልነበረም።

ሆን ተብሎ የሚለቀቅ ጩኸት ግን ሽቦ በማጋደም አይሸነፍም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ፣ አቅሙ መኖሩ ከተረጋገጠላቸው የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ፕሮግራም ለማፈን መመሪያ እንደሚሰጡ በይፋ ተናገሩ። በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ሽማግሌዎች አንቴናቸውን ትተው የጣቢያ መፈለጊያውን ነበር የሚያዞሩት፤ ያልታፈነ መስመር ፍለጋ።

ዛሬ ብየዳ ቤቱ የለም፤ ጩኸቱ ግን ቤታችን ገብቶ ተቀምጧል። ርካሹ ኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ፤ ውስጣቸው ያለው ኃይል መቀየሪያ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። በአግባቡ ካልተሸፈነ እያንዳንዱ አንዳንድ ትንሽ ማሰራጫ ጣቢያ ነው። መብራት ሲጠፋ የባትሪ ሬዲዮ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ የሚሰማው ወዶ አይደለም።

እኛ ታዲያ ለሁሉም ነገር አንድ መድኃኒት ነው ያለን፤ ድምፅ መጨመር። ታክሲው ውስጥ ሬዲዮው ሲጮኽ እኛ ከሬዲዮው በላይ እናወራለን፤ ሾፌሩ ደግሞ ከእኛ በላይ ይጨምራል። ስብሰባ ላይ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይብስበታል። ድምፅ ሲጨመር ጩኸቱም አብሮ እንደሚጨመር፣ ድርሻቸውም እዛው ላይ እንደሚቆም ሬዲዮ ሠሪዎች ካወቁት ብዙ ዓመት ሆነው። ለመስማት የሚረዳው አንዳንዴ ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ፣ ከዚያም ወደዚያ አቅጣጫ መደንቆር ነው።

እስቲ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ድምፁን ቀንሱ፣ ከዚያ ሣጥኑን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ።