ደረጃውን ዝቅ ያደረጉት መሐንዲስ



እኛ የውድብሪጅ ነዋሪዎች በሩት አንድ ወደ አሌክሳንድሪያ ስንሄድ ፎርት ቤልቮርን እናልፋለን። ይህ የጦር ሰፈር እስከ 1988 ድረስ (እዚህ የጠቀስኳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ነበረ። መሐንዲስ ወታደር ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታየን ድልድይ ሲዘረጋ ወይም ፈንጂ ሲያመክን ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ ግን በጡረታ ዘመናቸው ለጡረተኞች ስለሠሩ አንድ መሐንዲስ ነው።

ጄኔራል ሞንትጎመሪ ሜግስ ይባላሉ። በ1816 በደቡብ፣ ጆርጂያ ውስጥ ተወልደው በ1836 ከዌስት ፖይንት ተመረቁ። ከ1853 ጀምሮ ከፖቶማክ ወንዝ፣ ከግሬት ፎልስ፣ ለዋሽንግተን ውኃ የሚያመጣውን መሥመር የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ለመሥመሩ ያሠሩት የካቢን ጆን ድልድይ በአንድ ቅስት ብቻ 220 ጫማ ይሻገራል፤ እስከ 1903 ድረስ በዓለም ላይ ከድንጋይ ከተሠሩት ባለ አንድ ቅስት ድልድዮች የሚበልጠው አልነበረም። በማክአርተር ጎዳና የምትነዱ የሥራ ባልደረቦቼ ዛሬም መብራቱን ጠብቃችሁ በተራ ትሻገሩታላችሁ። ዲሲና አርሊንግተን የምትኖሩም ጠዋት ቡና የምታፈሉበት ውኃ በእሳቸው መሥመር የመጣ ነው።

በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ የተወለዱበት ክፍለ ሀገር ተገነጠለ፤ እሳቸው ግን ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቆሙ። የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ዋና ኃላፊ ሆነውም ጫማውን፣ ድንኳኑን፣ ፈረሱን፣ የፈረሱን ገፈራ ሳይቀር አቀረቡ። በ1864 ለሙታን መቀበሪያ ቦታ ሲጠብ፣ የጄኔራል ሊ ቤተሰብ ርስት የነበረውን አርሊንግተንን መካነ መቃብር እንዲሆን አደረጉ። በዚህ ውስጥ ቂምም አልጠፋም፤ በወጣትነታቸው አብረዋቸው የሠሩትን ሊን እንደ ከሃዲ ነበር የሚቆጥሯቸው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር እንደ አባቱ መሐንዲስ የነበረው ልጃቸው ተገደለ። ዛሬ አባትና ልጅ አርሊንግተን ውስጥ ተቀብረዋል።

በ1882 ጡረታ ሲወጡ ዕድሜያቸው 65 ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። እሳቸው ግን ለጦር ጉዳተኞች፣ ለባሎቻቸው ለሞቱባቸው ሴቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች ጡረታ የሚወሰንበትን መሥሪያ ቤት ሕንጻ ነደፉ፤ በ1887ም አስጨረሱ። ዋሽንግተን ጁዲሺያሪ ስኩዌር ያለው፣ ከ15 ሚሊዮን በላይ ጡብ የፈጀው ቀይ ሕንጻ እሱ ነው። አሁን የሕንጻ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። ስንቶቻችን ተሳፋሪ አውርደንበታል!

ሕንጻው እሳት እንዳይበላው፣ መዛግብቱም እንዳይጠፉ በጡብ ተሠራ። ጸሐፊዎቹ በታፈነ አየር እንዳይታመሙ ነፋሱ ከመስኮቶቹ ሥር ገብቶ በአዳራሹ ጣሪያ በኩል እንዲወጣ ተደረገ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ደረጃው ነው። እግሩን በጦርነት ያጣ ሰው እንዳይቸገር እያንዳንዱ እርከን ዝቅና ሰፋ ብሎ ተሠርቷል። ጄኔራሉ ጉዳተኛው ወታደር እንዴት እንደሚወጣ ገና ወረቀት ላይ ሳሉ አስበውበታል ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከሸክላ የተቀረጸ የወታደሮች ሰልፍ፣ 1,200 ጫማ የሚረዝም፣ ሕንጻውን እንደ መቀነት ዞሮታል። በስተምዕራብ፣ በአምስተኛው መንገድ በኩል ካለው በር በላይ፣ ጋሪ ነጂ ታያላችሁ። ጥቁር ነው። ጋሪ ነጂው በጦርነቱ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው መሆን አለበት ብለው ያዘዙት ራሳቸው ሜግስ ናቸው። ያለ ጋሪ ነጂ ጄኔራልም ስንቅ እንደማያገኝ ያውቁ ነበርና። እኔም ነጂ ስለሆንኩ ይሆናል፣ በዚያ ሳልፍ ቀና ሳልል አላልፍም።

ውድ አንባቢያን፣ አገር ቤት ለብዙ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። የትምህርት መጽሐፍ ጦርነትን ውል በተፈረመበት ቀን ይዘጋዋል። ለቆሰለው ግን ሌላው ጦርነት የሚጀምረው በማግሥቱ ነው፤ የማመልከቻ፣ የምስክር፣ የማኅተምና የቀጠሮ ጦርነት። ሐውልት ማቆም መልካም ነው። ዋሽንግተን ያለው፣ በ1995 የተመረቀው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያም በ22 አገሮች ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያን ስም ይዟል። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃዎች ወደ ኮሪያ ዘምተው ከ120 በላይ ጀግኖች ወድቀዋል፤ አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። ግን የተቀረጸ ስም ጉልበቱን ያመመውን ሽማግሌ ሐኪም ቤት አያደርሰውም።

በ1991 ጦሩ ሲበተን፣ ዕድሜውን በበረሃ የጨረሰ ወታደር በየአስፋልቱ ዳር እጁን ሲዘረጋ ያየን ብዙዎች ነን። እዚህም በውድብሪጅ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በልጆቻቸው ቤት ታችኛው ክፍል ውስጥ ቀኑ አልመሽ ያላቸው የቀድሞ መኮንኖችና ባለ ሌላ ማዕረግ ወታደሮች አሉ። ስለ እነሱ ሲነሣ አስቀድመን የምንጠይቀው «በማን ጊዜ የዘመተ ነው?» ብለን ነው። የንጉሡ ነው፣ የደርግ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው እያልን ስንከራከር ሰውዬው ደረጃው ሥር ቆሞ ይቀራል። ሜግስም ከዚህ ዓይነቱ ቂም ነጻ አልነበሩም፤ የዚያ ሕንጻ ጡረታም ለደቡቡ ወታደር አልነበረም። ቂማቸውን ለእሳቸው እንተውላቸውና ደረጃቸውን እንውሰድ።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እንግሊዝኛ የምናነብ ፎርም እንሙላላቸው። መኪና ያለን ለሐኪም ቀጠሯቸው እናድርሳቸው፤ ሜትሩን ዘግቶ አንድ ሰዓት መንዳት ማንንም አላደኸየም። ልጆቻችን አጠገባቸው ተቀምጠው የት እንደዘመቱ፣ ማን አጠገባቸው እንደወደቀ ይጠይቁና በደብተር ይጻፉ። ዛሬ ያልተጻፈው ነገ አብሮ ይቀበራል።

ቸር ያሰማን።