«ጎረቤቱ ማን ነው?» ቤት እያሻሻጥኩ የማውቀው የዋሽንግተን ሠፈር

ከዱፖንት ሰርክል የባቡር ጣቢያ በሰሜኑ በር የሚወጣ ሰው ረጅሙን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ማለፍ አለበት። 57 ሜትር ገደማ ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ነጠላቸውን ሰብስበው፣ የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲወጡ ስንቴ አይቻለሁ። ከላይ ሲደርሱ ክብ በሆነው ግድግዳ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ጽሑፍ ይቀበላቸዋል። ቃሉ የባለቅኔው የዋልት ዊትማን ነው። ዊትማን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በዚህችው ከተማ ሆስፒታሎች እየዞረ ቁስለኞችን ይጠይቅና ያስታምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ይህ ጽሑፍ እዚህ ሲቀረጽ የታሰቡት ግን ኤድስ ከተማዋን ባስጨነቀበት ዘመን ሕሙማንን ያስታመሙ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በመጀመሬ የሠፈሩን ነገር መገመት አያዳግትም። ዱፖንት ሰርክልና በምሥራቅ በኩል የሚያዋስነው ሎጋን ሰርክል፣ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች (እዚህ ሐበሻውም ፈረንጁም በአንድ ቃል «ጌይ» ይላቸዋል) በግልጽ የሚኖሩባቸው ሠፈሮች ተብለው ከታወቁ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗቸዋል። ጉዳዩ በእኛ አገር በሕግም በእምነትም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። እኔ የማወራው ስለ ሥራዬና በሠፈሩ ስላለው የዕለት ኑሮ ነው። ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ እዚያ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሠፈሩን ቢያንስ በወሬ ማወቁ አይከፋም።

ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ሳስረዳ «ታዲያ ደላላ ነሽ በይኛ!» ይሉኛል። ነኝ። ልዩነቱ ደላላ ለመሆን የ60 ሰዓት ትምህርት ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃድ አውጥቼ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ደግሞ ለገዢ አንድ ቤት እንኳ ከማሳየቴ በፊት ክፍያዬ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ ውል መፈራረም አለብን። ከለመድነው ሁለት ፐርሰንት ጋር ሲነጻጸር ወረቀቱ ይበዛል። ቢሆንም ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደኝ ዝምታው ነው። አገር ቤት ደላላ የሚኖረው በምላሱ ነው፤ እዚህ ግን ምላሳችንን ሕግ ይዞታል።

ሐበሻ ቤት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ኩሽናው አይደለም። «ጎረቤቱ ማን ነው?» ይላል። ደግ ጥያቄ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለን ነው ያደግነው። እኔ ግን መመለስ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የመኖሪያ ቤት ሕግ፣ ደላላ ሰዎችን በዘራቸው፣ በሃይማኖታቸው ወይም በመጡበት አገር እየለየ ወደ አንዱ ሠፈር እንዳይመራ፣ ከሌላውም እንዳያርቅ ይከለክላል። በ1988 ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ተጨመሩ። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ1977 ባወጣችው የራሷ የሰብአዊ መብት ሕግ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችንም አካታለች። ስለዚህ በማስታወቂያዬ ላይ «ለጌዮች የሚመች ሠፈር» ብዬ አልጽፍም። «ለቤተሰብ የሚመች ሠፈር» ከሚለውም እንድንርቅ ነው የተማርነው፤ ልጅ የሌለው ሰው «አንተን አይመለከትም» እንደተባለ ሊሰማው ይችላልና። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው ወይ ስባል እንኳ የመንግሥትን መረጃ ከየት እንደሚያገኙ ነው የማሳያቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ መጀመሪያ ለእኛ ቢጤዎች የመጣ መሆኑን ብዙ ሐበሻ አያውቅም። ከሎጋን ሰርክል በእግር ግማሽ ሰዓት ቢኬድ ብራያንት የሚባል ጎዳና ይገኛል። እዚያ በነበሩ ቤቶች ሰነድ ላይ ለጥቁር እንዳይሸጡ የሚከለክል ቃል ተጽፎ ነበር። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ የተወሰነው በ1948 ነው። ዛሬም ቢሆን በስልክ የእኛን አነጋገር ሲሰሙ «ቤቱ ተይዟል» የሚሉ አከራዮች አልጠፉም። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ተብሎ፣ ነጭ የሥራ ባልደረባው በዚያው ቀን ቢደውል «መቼ መጥተህ ታያለህ?» ተብሏል። አቤት የምንልበት ሕግ፣ ሁለቱን ወንዶች ጎረቤቶች የሚጠብቀው ያው ሕግ ነው። ለእኛ ሲሆን ይሥራ፣ ለእነሱ ሲሆን ይቅር ማለት አይቻልም።

ሠፈሩ እንዲህ የሆነው በኪራይ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ ሁከቱ የተነሣው ከ14ኛው ጎዳናና ከዩ ስትሪት መገናኛ አካባቢ ነው። ሱቆች ተቃጠሉ፤ አቅም ያለው ወደ ከተማ ዳርቻ ሸሸ። ትልልቆቹ የጡብ ቤቶች በየክፍሉ ተሸንሽነው በርካሽ ይከራዩ ጀመር። በቤተሰባቸውና በትውልድ ከተማቸው መኖር የከበዳቸው ወጣቶች ወደዚያ መጡ። በ1974 በዱፖንት የመጻሕፍት መደብር ከፈቱ፤ በ1975 ደግሞ በ20ኛው ጎዳና ላይ የመጀመሪያውን የአደባባይ በዓላቸውን አከበሩ። ያረጁትን ቤቶች እየፋቁና እየቀቡ አደሷቸው።

የእኛም ሰው የሄደበት መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከአብዮቱ በኋላ የተሰደደው ሐበሻ መጀመሪያ የሰፈረው ከዱፖንት ትንሽ ወደ ሰሜን፣ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ነበር። በ18ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶች ከፈተ። ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው ጎዳና ወረደ፤ ጭር ያለውን መንገድ በበርበሬና በቡና ሽታ አሞቀው። መንገዱ ሲሞቅ ኪራዩ አሁንም ጨመረ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው። ጌዮቹም እንዲሁ ከዱፖንት ወደ ሎጋን፣ ከሎጋን ወደ ሻው ተገፍተዋል። ሠፈር ያቀና ሰው የሠፈሩን ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ማየት በዚህ ከተማ የተለመደ ነው። ከሁለቱም በፊት እዚያ የነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ደግሞ ከሁሉም የባሰውን ቀምሰዋል።

በኤድስ ዘመን ስለሆነው ነገር አንድ የምጨምረው አለ፤ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ኖረው፣ አብረው ከፍለው፣ ቤቱ ግን በአንዱ ስም ብቻ ይሆናል። ባለስሙ ኑዛዜ ሳያደርግ ሲሞት፣ ለዓመታት ፊቱን ያላሳየ ዘመድ መጥቶ ቤቱን ይወርሳል፤ ያስታመመው ሰው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። ዲሲ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕጋዊ የሆነው በመጋቢት 2010 ነው። ከዚያ በፊት ኑዛዜ ከሌለ ዋናው መተማመኛ የስም ጉዳይ ነበር፤ ሰነዱ ላይ ሁለቱም ስም ሰፍሮ «አንዱ ሲሞት ለሌላው ይተላለፋል» የሚል ቃል ካልተጻፈበት ነገሩ ያበቃለታል። ለሐበሻ ደንበኞቼ ይህንን ደጋግሜ የምነግረው አለነገር አይደለም። ሁለት እህትማማቾች ገንዘብ አዋጥተው በአንዷ ስም የገዙት ቤት ስንት ጣጣ እንዳመጣ አይቻለሁ። ልጃችሁ ከእጮኛው ወይም ከወንድሙ ጋር ቤት ገዛሁ ካለ «ስማችሁ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።

የዕለት ኑሮውን በተመለከተ፣ ጉድ ለማየት የመጣ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። ጠዋት ውሻ ይናፈሳል፤ ውሻው ከሰው ይበዛል። ያገር ወጣት ሕፃን በጋሪ እየገፋ ቡና ይገዛል። አንዳንዱ ቤት በር ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ አለ፣ ሌላው ጋ የለም። እሑድ እሑድ በ20ኛው ጎዳና የገበሬዎች ገበያ ይቆማል፤ አንድ እስር ጎመን ሾላ ገበያ ስንት ሊገዛ እንደሚችል የሚያሰሉ እናቶች እዚያ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ከተማዋ ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ ሕፃናትን በነፃ ስለምታስተምር፣ በአር ስትሪት ባለችው ሮስ በምትባለው ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ወላጅ አንዳንዴ አባትና እናት፣ አንዳንዴ ሁለት አባት፣ አንዳንዴ አያት ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለ ሳልና ስለ ጠፋ ጓንት ነው።

በክረምት በረዶ ሲጥል በቤትህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በ8 የብርሃን ሰዓት ውስጥ የመጥረግ ግዴታ አለብህ። ጎረቤት የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው። የአሮጊቷን ደጅ ሳይጠየቅ የሚጠርግ አለ፤ የራሱን ጠርጎ በረዶውን ወደ ሰው ደጅ የሚገፋም አለ። ከአልጋ ጓደኛው ጋር ምንም ግንኙነት ያለው ነገር አይደለም።

ግርግር የሚባለው በዓመት ጥቂት ቀን ነው። ሃሎዊን ከመድረሱ በፊት ባለው ማክሰኞ ማታ፣ ወንዶች ባለ ረጅም ተረከዝ የሴት ጫማ አድርገው በ17ኛው ጎዳና ላይ ይሮጣሉ። ከ1986 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ባለፈው ጊዜ የደንበኛዬ እናት ከመስኮት ሆነው አይተው የሰጡት አስተያየት «እኔ ለሠርጌም እንዲህ ያለ አላደረግሁ! ደግሞ አንዱም አልወደቀ» የሚል ነበር።

እኚህ እናት የመጡት ልጃቸውን ሊያርሱ ነው። ልጃቸውና ባሏ ሎጋን አካባቢ ተከራይተው ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ እዚያው መግዛት ፈለጉ። አንድ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አሳየኋቸው። ምድር ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል። እናትየው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው የማይቀረውን ጠየቁ።

«ልጄ፣ እዚህ ጎን ያለው ማን ነው?»

«እማማ፣ እኔ መንገር አልችልም፤ ሕጉ ከልክሎኛል። እርስዎ ግን ራስዎ ቢጠይቁ ማንም አይከለክልዎትም።»

ምን ዓይነት አገር ነው በሚል ዓይን አዩኝ። በማግሥቱ አራስ ቤት የተጋገረ ድፎ ዳቦ ቆርሰው፣ የሚያስተረጉምላቸው አማቻቸውን ይዘው፣ የጎን ቤቱን በር አንኳኩ። የከፈቱት ሁለት በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ እዚያ ኖረዋል። ዳቦው ተበላ፤ ሻይ ቀረበ። ከዚያ አንደኛው ሰውዬ ለአማቻቸው አንድ ነገር ነገረው፦ ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚሸጠው ቤት ምድር ቤት በፍሳሽ ይሞላል፤ ባለፈው በጋ ምንጣፍ ሲወጣ አይቷል።

በዲሲ አሮጌ ሠፈሮች የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄደው፤ ቱቦው ሲሞላ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሻጩ ቤት እየገዛ አድሶ የሚሸጥ ድርጅት ስለነበር በቅጹ ላይ ስለ ውሃ «የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ሞልቷል። እኛም ወደ ቱቦው ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ አመጣን። ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭም የለም። ውላችን ላይ የምርመራ አንቀጽ ስለነበረ ቀብዱ ተመለሰ። ልጆቻችሁ ለመቸኮል ብለው ያንን አንቀጽ እንዳያስቀሩ፤ ዛሬ ዛሬ ገዢ ሲበዛ የሚያስቀሩ ብዙ ናቸው።

እናትየው ከዚያ በኋላ ሁለቱን ሰዎች «እነዚያ ሽማግሌዎች» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ስለ አኗኗራቸው ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሕፃኑን በጋሪ ይዘው በደጃቸው ሲያልፉ ቆመው ሰላም ይባባሉ እንደነበር ልጃቸው ነግራኛለች፤ እርሳቸው በአማርኛ፣ እነሱ በእንግሊዝኛ።

ቤተሰቡ በዚያ ሠፈር ሌሎች ሁለት ቤቶች ላይ ዋጋ አቀረበ፤ በሁለቱም ተበለጠ። አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠየቅበት የጡብ ቤት በሎጋን ብርቅ አይደለም። በመጨረሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጓሮና ጋራዥ ያለው ቤት ገዙ። የቤት ምርቃቱ ቀን ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት መሬት ስላገኙ እናትየው ደስ ብሏቸዋል። ሠፈሩን እንዴት አገኙት ብላቸው «ጸጥ ያለ ነው» አሉኝ። «ሁሉም ከጋራዥ ይወጣል፣ ወደ ጋራዥ ይገባል። የጎረቤቴን መኪና ቀለም አውቃለሁ፤ ፊቱን ገና አላየሁም።»