ልብ በል፦ ከፒያሳ የኪስ ማስታወሻ

1. «እንዴት ነህ?» ሲባል መልሱ ጥያቄው ሳያልቅ ይደርሳል። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጠያቂውም እርምጃውን አይገታም።

2. ቶሞካ ቡና ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ተከፈተ። ዛሬም ብዙው ደንበኛ ቡናውን ቆሞ ነው የሚጠጣው። አንድ ጎልማሳ ስልኩን እያየ ሲኒውን አነሳ፤ ባዶ ነው። ወደ ውስጡ ተመለከተ። መቼ እንደጨረሰው ያስታወሰ አይመስልም። ቤቱ ቢሆን ከአቦል እስከ በረካ ይቀመጥ ነበር።

3. ሊስትሮው «እግር ቀይር» ለማለት በብሩሹ ሳጥኑን መታ። ሰውየው አልሰማም፤ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ፈዟል። ልጁ ደገመ። ለሦስተኛ ጊዜ አልመታም። ብሩሹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ጠበቀው።

4. የታክሲው ረዳት በጊዮርጊስ በኩል ሲያልፍ የሚቆጥረውን ብር በአንድ እጁ ጨብጦ ያማትባል። ሦስት ሰከንድ ዝም ይላል። ከዚያ «ሂሳብ!» ይቀጥላል። ያቺን ሦስት ሰከንድ እወዳታለሁ።

5. አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ነው። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው በዚሁ ስም ይጠራል። ሰፈር ውስጥ ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ!» ይባባላሉ። እግሩ የተሰበረን ሰው ግን ሆስፒታል ግባ ብሎ የሚሰድበው የለም። ይህ ስድብ ስንቱን ታማሚ ቤቱ እንዳስቀረ ሳስብ ያመኛል።

6. ለቅሶ ቤት አስለቃሿ ስታዜም ድንኳኑ በሙሉ ይነፋረቃል። የሟች ልጅ፣ ጎረምሳው፣ እንባው መጣ። ሦስት ሰዎች ባንዴ፦ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ?» ዋጠው። እኔ ከሦስቱ አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ቢሆን ትከሻውን ይዤ ዝም እል ነበር።

7. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው አንዲት እናት ጊዮርጊስን ሊሳለሙ መጥተው አገኘኋቸው። «እንኳን ፈረሰ፤ ክረምት ከክረምት ያፈስ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ወዲህ ወዲያ እያሉ በራቸው የነበረበትን ቦታ ፈለጉ። ሲያገኙት ቆሙ። ነጠላቸውን አጣፉ። አንድም ቃል አልጨመሩም።

8. ስለ ማይንድፉልነስ፣ ያለንበትን ቅጽበት ልብ ስለ ማለት፣ የሚያወሩ በዝተዋል። «ልብ ማለት» ከጥንትም በእጃችን ነው። የምንጠቀምበት ግን ሌላውን ስናስጠነቅቅ ነው፦ «ልብ በል!» ራሱን «ልብ በል» ያለ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

9. ምኒልክ አደባባይ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። አንድ ወጣት እየሮጠ፦ «አባባ፣ እንዴት አደሩ?»
«ዛሬስ ከፍቶኛል፣ ልጄ።»
ሁለት እርምጃ አልፏቸው ነበር። ቆመ። ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ። በሦስት ሰዓት ተኩል በዚያው ስመለስ አሁንም አብረው ነበሩ።