ሳቅ ያለበት ፍቅር

በጎጃም ምድር የፍቅር ታሪክ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ በአብዛኛው የሚታወሰው በእንባው ነው። አንባቢው እንባው ዘንድ የሚደርሰው ግን ረጅሙን መንገድ እየሣቀ ተጉዞ መሆኑ እምብዛም አይጤንም። ፍቅርንና ሣቅን አዋሕዶ የሚቀርብ የጥበብ ሥራ በሕዝብ ዘንድ ሲወደድ በሃያስያን ዘንድ እንደ ቀላል መቆጠሩ በብዙ አገር የታየ ነው። ስለዚህም አንድ የቆየ የጀርመን ፊልም የገጠመውን ዕጣ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

መስከረም 5 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ለጥቅምት 23ቱ የዘውድ በዓል ሽር ጉድ በምትልበት ሰሞን፣ በበርሊን ግሎሪያ ፓላስት ሲኒማ ቤት «ሦስቱ የቤንዚን ማደያ ሰዎች» የተሰኘ ባለ ዘፈን የፍቅር ኮሜዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አዘጋጁ ቪልሄልም ቲለ፣ የዜማው ደራሲ ቬርነር ሪቻርድ ሃይማን፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ሊሊያን ሃርቬይና ቪሊ ፍሪች ነበሩ። ሦስት ጓደኛሞች ከሽርሽር ሲመለሱ ከስረው፣ የቤት ዕቃቸውም በዕዳ ታሽጎ ያገኙታል። መኪናቸውን ሸጠው የቤንዚን ማደያ ይከፍታሉ፤ በየተራ ቤንዚን ሲቀዱም ሦስቱም ሳይተዋወቁ አንዲት የቆንስል ልጅ ይወዳሉ። ጉዳዩ ሲገለጥ ወዳጅነታቸው ይናጋል፤ በመጨረሻም ፍቅሩም ወዳጅነቱም ይተርፋል።

ፊልሙ የወጣበት ጊዜ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። በጀርመን ሥራ ያጣው ሰው ቁጥር ወደ ሦስት ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ከምረቃው በዋዜማ በተካሄደው ምርጫም የናዚ ፓርቲ የምክር ቤት መቀመጫውን ከ12 ወደ 107 አሳደገ። ሕዝቡ በዚያ ጭንቀት መካከል ወደ ሲኒማ ቤቱ ጎረፈ፤ ፊልሙም በዘመኑ እጅግ ብዙ ተመልካች ካገኙት ሥራዎች ተርታ ተሰለፈ። ሃያሲው ሲግፍሪድ ክራካወር ከዓመታት በኋላ ባሳተመው መጽሐፉ ሥራውን ከዕለት ተዕለት ኑሮ እንደተሸመነ የቀን ሕልም አድርጎ ተመልክቶታል። ፍርዱ መሠረት አለው። የሦስቱን ወጣቶች ችግር በመጨረሻ የሚፈታው የኩባንያ ሥራ አስኪያጅነት ሹመት ነው፤ ሹመቱም የሚመጣው በባለጸጋው አባት ገንዘብ ነው። ሥራ ያጣው ተመልካች ግን እንዲህ ያለ አማት አልነበረውም።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ቀላል ነው ተብሎ አልተተወም። ናዚዎች በ1937 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንዳይታይ አገዱት፤ ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩና። ዜማ ደራሲው ሃይማንና አሠሪው ኤሪክ ፖመር ቀደም ብለው ተሰደዋል። በፊልሙ የጠበቃውን ሚና የተጫወተው ኩርት ጌሮን በ1944 በአውሽቪትዝ ተገደለ። ትናንት አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያሣቀ ሰው ዛሬ ሣቁ ወንጀል ሆነበት። የቀን ሕልም ተብሎ የተናቀውን ሥራ አምባገነን እንደ ጠላት ቆጠረው፤ ሕዝቡ ከነዚያ ሰዎች ጋር አብሮ መሣቁን መርሳት ነበረበትና።

ፊልሙ በታገደበት ዓመት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሊጽፉ ያሉት ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው በፋሽስት ኢጣሊያ ደሴቶች ታስረው ነበር። ከዓመታት በኋላ የጻፉት ሣቅ ከበርሊኑ ሣቅ የተለየ ነው። እዚህም ድኻ ወጣት የትልቅ ሰው ልጅ ይወዳል። በዛብህ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ፣ ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ፊታውራሪ ዘር እየቆጠሩ ጠያቂዎችን ይመልሳሉ፤ አንገብርም ያሉ ገባሮችን ሊቀጡ በታላቅ ፉከራ ይዘምቱና በገበሬዎች እጅ ይወድቃሉ። ጉዱ ካሳም እውነት በመናገሩ እንደ ዕብድ ይቆጠራል። አንባቢው በነዚህ እየሣቀ ሳለ የሚሥቅበት ነገር ሁለቱን ወጣቶች የሚለያይ ግንብ መሆኑን ያስተውላል። ደራሲው የቆንስሉን ዓይነት ደግ አባት አላዘጋጁም፤ ሣቁ ሲያልቅ የሚቀረው መቃብር ነው።

ሕዝቡም ይህን ተቀብሎታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርኩት ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር የፊታውራሪን ጉራ በድምፅ ሰማ። ጉዱ ካሳም ከመጽሐፍ ወጥቶ እውነት ተናጋሪ ሰው የሚጠራበት ስም ሆነ። የደራሲው ስም ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለባህል ጥናት ተቋም መጠሪያ ሆኗል።

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍ መምህርም ሆነ የመድረክ ባለሙያ፣ የፍቅር ኮሜዲ ሲቀርብለት «ሕዝቡን ያዘናጋል» ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ሣቁ ማንን እንደሚነካና ምንን እንደሚሸፍን ሊጠይቅ ይገባዋል። የበርሊኑ ፊልም የሸፈነው ብዙ ነው፤ ያም ሆኖ ለተጨነቀ ሕዝብ የአንድ ምሽት እስትንፋስ ሰጥቷል። የጎጃሙ መጽሐፍ ደግሞ ሣቅ እስትንፋስ ሰጥቶ ዓይንም ሊከፍት እንደሚችል አሳይቷል። ሁለተኛው የሚበልጥ መሆኑ አያከራክርም፤ ግን እርሱም የሚጻፈው መጀመሪያ መሣቅ በተፈቀደበት አገር ነው።