ማን አስመርጦኝ?

ፒያሳ ዘፈን የሚገዛባት ሰፈር ብቻ አልነበረችም፤ ዘፈን ሳይጠሩት መንገድ ላይ የሚቀበልባት ጭምር እንጂ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማህሙድ አህመድ ራሱ በዚያ ሙዚቃ ቤት ነበረው። በ2016 ዓ.ም. ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ።

አባቴ ዛሬ ከአልጋቸው አይወርዱም። ዘፈኖቻቸው ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ናቸው፤ በእጃቸው ገመድ አልባ መቆጣጠሪያ አለ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ግድግዳ ያግደዋል፤ ይህኛው ግን በራዲዮ ሞገድ ስለሚሠራ ግድግዳውን ዘልቆ ያዝዛል። በአንድ ሸክላ ሁለት ዘፈን ብቻ ለለመዱ ጣቶች ሺህ ዘፈን ቀረበላቸው።

እርሳቸው ግን ዝርዝሩን አይመለከቱም። ኮምፒውተሩ እንዳሻው የሚያፈራርቅበትን ቁልፍ ተጭነው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን እንደማይመርጡ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ ማን አስመርጦኝ ያውቃል?» አሉኝ።