አካፋ የያዘ ናፍቆት

ናፍቆት መራጭ ነው። ከልጅነት ቤታችን የቡናውን ሽታ ያስቀርልናል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ስንደቅን ያደርንበትን ሌሊት ግን ይጥለዋል። “ድሮ ቀረ” የሚል ሰው ሁሉ የድሮውን ጠጅ እንጂ የድሮውን ቁንጫ አይቆጥርም።

ይህን የናፍቆት ጠባይ በደንብ ያስተዋልኩት አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ስኖር ነው። እዚያ አገር በእንፋሎት ባቡር ናፍቆት የተያዘው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ጡረታ የወጣ ጎረቤት ስለ ኳስና ስለ ዝናብ አውርቶ ሲጨርስ ወደ ባቡር ይገባል። የትኛው ሎኮሞቲቭ የት እንደተሠራ፣ ቁጥሩ ስንት እንደነበር፣ ለመጨረሻ ጊዜ በየትኛው ሐዲድ ላይ እንደታየ እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል።

እስኪ ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በአውስትራሊያ የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር መስመር የተከፈተው በ1854፣ ከሜልበርን ከተማ እስከ ወደቧ ነው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል አገሩን ያንቀሳቀሰው ከሰልና ውኃ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ግን በናፍታ የሚሠሩት ሎኮሞቲቮች ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ላይ ብቅ አሉ። ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! በ1958 ኩዊንስላንድ ውስጥ ሜሪቦሮ በምትባል ከተማ 1089 የሚል ቁጥር የተሰጠው ሎኮሞቲቭ ከፋብሪካ ወጣ። አውስትራሊያ ለዋና መስመር የሠራችው የመጨረሻው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እሱ ሆነ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ መሆኑ ነው።

ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ እንፋሎቱ ትንሽ ሰንብቷል። የመንግሥቱ ባቡር መሥሪያ ቤት የእንፋሎት ሥራውን የዘጋው በ1973 ነው። የመጨረሻዎቹ ጋራት የሚባሉት ግዙፎች ነበሩ፤ ከ250 ቶን በላይ የሚመዝኑ፣ አንድ ቦይለር ከፊትና ከኋላ ሁለት ሞተር የሚነዳባቸው። የሚሠሩትም በኒውካስል ዙሪያ ባለው የከሰል አገር ነው፤ ከሰል እየበሉ ከሰል ይጎትታሉ። ከመንግሥት ሐዲድ ከተወገደም በኋላ እዚያው አካባቢ በከሰል ኩባንያዎች የግል ሐዲድ ላይ እንፋሎት አልጠፋም። ከ1911 እስከ 1925 ባለው ጊዜ እንግሊዝ አገር፣ ማንችስተር ውስጥ የተሠሩ 14 ሎኮሞቲቮች ነበሩ፤ በደቡብ ሜይትላንድ መስመር እስከ 1983 ሠርተዋል። በሪችመንድ ቬል መስመር ላይ ደግሞ እስከ መስከረም 1987 ድረስ ከሰል በእንፋሎት ይጓጓዝ ነበር። በዚያች ወር እሳቱ ሲጠፋ በአውስትራሊያ ለእንጀራ ሲል የሚሠራ የእንፋሎት ባቡር ታሪክ አበቃ። ልብ በሉ፤ በ1987 ሰው ኮምፒውተር ጀምሯል!

እነዚያን የመጨረሻ ዓመታት ዛሬ የሚናፍቋቸው አብዛኞቹ ያኔ ልጆች ወይም ጎረምሶች የነበሩ፣ ካሜራ አንግተው ሐዲዱ ዳር የቆሙ ሰዎች ናቸው። አየር በቀዘቀዘበት ማለዳ፣ ባቡሩ ዳገት ሲወጣ፣ ነጩ እንፋሎት ሰማይ ሲሞላ ፎቶ ያነሳሉ። ፎቶው እውነትም ውብ ነው። ግን ከውጭ የተነሳ ነው።

ውስጡስ? ውስጡ ሁለት ሰው አለ፤ ነጂውና እሳት አንዳጁ። እሳት አንዳጁ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ፣ ፊቱ እየተጠበሰ ጀርባው እየበረደው፣ በአንድ ጉዞ ቶን ሙሉ ከሰል በአካፋ ይዝቃል። ዝም ብሎ መወርወርም አይደለም፤ እሳቱ የቱ ጋ እንደሳሳ እያየ እዚያ ቦታ ላይ ማሳረፍ አለበት። የውኃው መጠን ከሚገባው በታች ከወረደ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ዋሻ ውስጥ ሲገቡ አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍናሉ። ሌሊት ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ አንድ ልጅ በብስክሌት እየዞረ በየበሩ ያንኳኳል፤ ተረኞቹን መቀስቀስ ነው ሥራው። እነዚህ ሰዎች ናፍታው ሲመጣ ምን ያሉ ይመስላችኋል? ብዙዎቹ “ተመስገን!” ነው ያሉት። ሊወቀሱም አይገባም።

ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። የእንፋሎት ባቡር ብቻውን አይሄድም፤ በየተወሰነ ርቀት ውኃ ይጠጣል፣ አመዱን ይደፋል፣ ዘይት ይቀባል። በቆመበት ሁሉ ሰው ይፈልጋል። አጣቢው፣ ቦይለር ሠሪው፣ ከሰል ጫኙ፣ ለመንገደኛው ሻይ የምታቀርበው ሁሉ በዚያ ላይ ይኖራሉ። ጁኒን የመሰሉ ከተሞች በባቡር የቆሙ ናቸው። ጁኒ ክቡን የሎኮሞቲቭ ጋራዧን የመረቀችው በ1947 ነበር፤ ሩብ ምዕተ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የሚገባበት የእንፋሎት ባቡር ጠፋ። ናፍታው ውኃ አልጠየቀም፣ አመድ አልደፋም፤ ብዙውን ከተማ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈው። ስለዚህ ለአንዱ ከወገብ ሕመም መገላገል የነበረው ነገር ለሌላው ሥራ ማጣት ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ናፍቆት ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ጭሱን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

በናፍቆት ላይ እንዲህ ጥርሴን ነክሼ ሳለ ነው እንግዲህ ፓፊንግ ቢሊን የተዋወቅኩት። ፓፊንግ ቢሊ ከሜልበርን ወጣ ብሎ በዳንዴኖንግ ኮረብታዎች መካከል የሚሄድ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ነው፤ የሐዲዱ ስፋት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። መስመሩ የተከፈተው በ1900 ነው። በ1953 መሬት ተንሸራቶ ሐዲዱን ቀበረው፤ በተከታዩ ዓመት ባለሥልጣናቱ “አያዋጣም” ብለው ዘጉት። የአካባቢው ሰው ግን “ወይኔ ባቡሬ” ብሎ አልቅሶ ቤቱ አልገባም። በ1955 ማኅበር አቋቋሙ፤ በወታደሮች እርዳታ የተናደውን ቦታ የሚያልፍ መንገድ አበጁ፤ በ1962 ባቡሩ እንደገና ተነሳ። እየቆፈሩና እየጠገኑ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ እስከ ጌምብሩክ የደረሱት በ1998 ነው። ሂሳቡን ሥሩት፤ ከተዘጋ 44 ዓመቱ። ከጀማሪዎቹ ስንቱ ያን ቀን ሳያይ አልፏል!

አንድ ጊዜ አክስቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጥታ እዚያ ወሰድኳት። ባለቤቷ ነፍሱን ይማረውና ዕድሜውን በሙሉ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠራ ሰው ነበር። መንገደኛው ሁሉ እግሩን በፉርጎው መስኮት አንጠልጥሎ ፎቶ ይነሳል። አክስቴ ግን ዓይኗን የተከለችው እሳት አንዳጁ ላይ ነው። ሰባ ዓመት የሚሆነው ሽማግሌ ነው፤ ሰማያዊ ቱታው በጥላሸትና በዘይት ጠቁሯል።

“ልጄ” አለችኝ፣ “ይሄን ቱታ ማነው የሚያጥብለት?”

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። “ጠይቀው እንጂ!”

ባቡሩ ሲቆም ጠየቅሁት። ሰውየው መጀመሪያ ግር አለው፤ ቀጥሎ ሳቀና ራሱ እንደሚያጥበው ነገረኝ። ደመወዝም የለውም። ዕድሜውን ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ እሳት ማንደዱን የተማረው ከድሮዎቹ እሳት አንዳጆች፣ እነሱ በሕይወት ሳሉ ነው። ቀዝቃዛ ቦይለር እንፋሎት እስኪይዝ ሰዓታት ስለሚፈጅ ከሌሊቱ ተነስቶ መምጣት አለበት። ይህን ሁሉ ስተረጉምላት አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። “እንዲህ ከሆነስ ይናፍቀው፤ መብቱ ነው” አለች።

ከዚያ ወዲህ ናፍቆትን የምመዝነው በአክስቴ ሚዛን ነው። ቱታውን ማን ያጥባል?

አውስትራሊያኖቹም ቢሆኑ የተቀመጠ እውቀት እንደ ጎታ እህል ሁልጊዜ እንደማይገኝ አይተውታል። በ1943 ሲድኒ ውስጥ የተሠራ 3801 የሚባል ዝነኛ ሎኮሞቲቭ አላቸው፤ በ1970 ከሲድኒ እስከ ፐርዝ አህጉሩን ያቋረጠ ጀግና። በ2007 ለጥገና ቆመ። አዲስ ቦይለር ጀርመን አገር ተሠርቶ ቢመጣ ጉድለት ተገኘበት። በመጨረሻ አሮጌው ተጠግኖ በ2021 ወደ ሐዲዱ ተመለሰ። ጥገና ብቻ 14 ዓመት! ድሮ የባቡሩ ወርክሾፕ የዘወትር ሥራው የነበረው ነገር፣ እጁና ዓይኑ የሚያውቀው ሰው ሲያልቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ብረት ዝጎም ይቆያል። ብረቱን የሚያውቀው ሰው ግን አይቆይም።

እኛም የምንናፍቀው ባቡር አለን። የኛው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ አውስትራሊያኖች ምሥራቃቸውን ከምዕራባቸው በበረሃ ያገናኘውን ሐዲድ ያጠናቀቁትም በዚያው ዓመት ነው። እኛም በ1950ዎቹ ከእንፋሎት ወደ ናፍታ ዞረናል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር አለን፤ ደግ ነገር ነው። አሮጌው ግን አብዛኛው ቆሟል። ስለ እሱ ስናወራ ሊቶሪናን፣ የአዋሽን ምሳ፣ የድሬዳዋን ኮንትሮባንድ እያነሳን እንስቃለን፤ ከዚያ ሂሳብ ከፍለን ከካፌው እንወጣለን። የአክስቴ ባለቤት ሞተሩን በድምፁ ብቻ ሰምቶ ሕመሙን ይናገር ነበር ይባላል። እንዴት እንደሚያውቅ የጠየቀው ሰው የለም። እውቀቱን ይዞት ሄደ።

እንደሱ ያሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከዘራ ይዘው በድሬዳዋ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚጠይቃቸው ካገኙ ደግሞ መናገር ይወዳሉ። ባቡሩ የሚናፍቀው ሰው ካለ ወሬውን ለጊዜው አቆይቶ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ይሂድ። ቱታ ቢደርብ ደግሞ የተሻለ ነው።