የላላ አፎት

ጥር ላይ የወንድሜ ልጅ ሲዳር ዳሱ የተጣለው ደባርቅ እኛ ግቢ ነበር። ፉከራው ሲሞቅ ወንድሜ ቤት ገብቶ የአያታችንን ጎራዴ ከግድግዳ አወረደና ከነአፎቱ ወደ ላይ እያወዛወዘ ወጣ። እጁን ገልበጥ ሲያደርግ ብረቱ ሾልኮ ወረደና ቄጠማው ላይ ተተከለ። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ በባዶ እግሩ አጠገቡ ቆሞ ነበር። በእግሩና በብረቱ መካከል የቀረው ቦታ አንድ ስንዝር አይሞላም።

ጭፈራው ቆመ። ባለቤቴ ልጁን አቅፋ ጓዳ ገባች። ማታ እንግዳው ሲበተን፣ “ያ ብረት ባለበት ቤት ይህ ልጅ አያድርም” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጎራዴውን መሸጥ ደግሞ አልሆነልኝም። ጣሊያን በመስከረም 1934 ዓ.ም. ከሊማሊሞ አናት ካለው ምሽጉ ወጥቶ እጁን ሲሰጥ አያቴ ታጥቆት ነበር ይባላል ቤታችን ውስጥ። ብረቱ ላይ “ዞሊንገን” የሚል የጀርመን ከተማ ስም ተቀርጿል። በዱሮ ጊዜ ወደ አገራችን ከገቡት ጎራዴዎች የብዙዎቹ ብረት የመጣው ከዚያ ነው። አፎቱን ግን የሚሰፋው የእኛው ባለእጅ ነው።

በማግስቱ በጋቢ ጠቅልዬ ዳባት ወረድኩ፤ አንድ ሽማግሌ ኮርቻ ሰፊ ዘንድ። አፎቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየና፣ “ጨርቅ ማን ወተፈበት?” አለኝ። በወስፌ ቆፍሮ አንድ የተጠቀለለ ቁራጭ አወጣ። የእናቴ ነጠላ ጥለት ነበር። ለካ አፎቱ የላላው በአባቴ ጊዜ ነው፤ እሱም በዘዴው አጥብቆት ኖሯል። ጨርቁ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ርጥበት እየያዘ፣ ብረቱን ልክ እዚያው ላይ በልቶታል። በሰርጉ ቀን ደግሞ ሳስቶ አልቆ ነበርና ምንም አልያዘም።

“ምድጃ አጠገብ ነበር የሚሰቀለው?” አለኝ ሽማግሌው። ነበር። የደረቀ ቆዳ ብረቱ በተመዘዘ ቁጥር አፉ እንደሚሰፋ ነገረኝ።

እኔ ማስቲሽ ገዝቼ ይዤ ነበር። ሳቀብኝ። “ማስቲሽ የያዘውን አይለቅም። ነገ የልጅ ልጅህ ላድሰው ቢል ቆዳው ተቀዶ ይነሳል።” ከስስ የፍየል ቆዳ ሁለት ቁራጭ ቆረጠ፤ ዳር ዳራቸውን በቢላ ፍቆ አሳሳቸው። ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ፣ በብረቱ ሁለት ጎኖች በኩል ብቻ አስገባቸው። በስለቱ በኩል ምንም አላደረገም፤ እዚያ የገባ ቆዳ በመጀመሪያው ቀን ይቆረጣል። ወስፌው እንዲገባለት ቆዳውን በትንሹ አርጥቦ፣ በሰም በታሸ ክር ሰፋው። “ሦስት ቀን ጥላ ላይ ይቆይ፤ እስኪደርቅ ብረቱ አይግባበት” አለኝ።

የጃፓን ሰይፍ ሠሪዎችም ነገሩን እንዲሁ እንደሚያስቡት ኋላ አነበብኩ። የእነሱ አፎት እንጨት ነው። አፉ ሲላላ ከውስጥ በጎኑ ስስ የእንጨት ልጥፍ ያደርጉበታል። የአፎቱን ሁለት ገጾች የሚያጣብቁትም በሩዝ ሙጫ ነው፤ አንድ ቀን ተከፍቶ መጽዳት እንዲችል። ከስሜን ተራሮች እስከ ጃፓን ባለሙያ የሚሠራው ከእሱ በኋላ ለሚመጣው ባለሙያ ቦታ ትቶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝገቱን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠረግኩት። ጠባሳው ግን አልለቀቀም። ባለቤቴ ፊት ጎራዴውን ከነአፎቱ ገልብጬ ነቀነቅኩት፤ አልወረደም። እጀታውን ይዤ ስስበው ደግሞ ሳያስቸግር ወጣ።

“አባባ፣ አሁን አይወድቅም?” አለ ልጁ ከእናቱ ጀርባ።

“አይወድቅም። አንተ ግን አትነካውም።”

አሁን የተሰቀለው ከምድጃው ርቆ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ነው። ክረምት ሲገባና ሲወጣ አውጥቼ እጠርገዋለሁ፤ ዘይት አስነካዋለሁ። ባለቤቴ ያቺን ጥለት አጥባ፣ “የእማማ ናት፤ እንዳትጣላት” ብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠቻት። ጎራዴውም ቤታችን አድሯል። ለሚቀጥለው ሰርግ ፉከራ ግን ዱላ ይበቃችኋል ብላለች።